የደጋ ወባ ምንድን ነው?

«ወባ የቆላ በሽታ ነው» ሲባል ነው ያደግነው። ሁመራ ወይም መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ይዞት ይመጣል፣ ጋምቤላ የተመደበ ሠራተኛ አጎበር ሸክፎ ይሄዳል፣ የደጋው ሰው ግን ጉዳዩም አይደለም። ይሄ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ የተባለ አይደለም። በብዙ ቦታ ገበሬው ቆላ ወርዶ ያርስና ማታ ወደ ቤቱ ሽቅብ ይወጣ ነበር፤ ንዳድ እየፈራ።

የደጋ ወባ ሌላ አዲስ በሽታ እንዳይመስላችሁ። ተውሳኩም ያው ነው፣ ትንኟም ያችው ናት። ወባ በደህናው ጊዜ በማይኖርበት ወይም አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ በሚልበት ከፍታ ላይ ሲነሳ ነው እንዲህ የሚባለው። እኛ አገር ለረጅም ጊዜ ድንበሩ 2,000 ሜትር ነው ሲባል ኖሯል። ከዚያ በላይ ያለው ሰው ተኝቶ ይደር ዓይነት ነገር።

ግን ወባን ከደጋ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ትንኟ ብርድ ስለማትችል ይመስለዋል። ዋናው ነገር ትንኟ ሆድ ውስጥ ያለው ነው። ትንኟ የታመመ ሰው ስትነክስ ተውሳኩን ትወስዳለች፣ ወዲያው ግን ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፍም። መጀመሪያ ተውሳኩ እሷ ውስጥ መብሰል አለበት። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። 20 ዲግሪ ላይ ግን ወደ አራት ሳምንት ይጠጋል። 16 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጭራሽ ይቆማል። ትንኟ ደግሞ ዕድሜዋ አጭር ነው፣ ቢበዛ ጥቂት ሳምንት ብትቆይ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ተውሳኩ ሳይበስል እሷ ትሞታለች። በቃ፣ የደጋው ሰው ከለላ ይቺ የቀናት ልዩነት ናት።

አሁን ሙቀት ጨምሩበት። 20 ዲግሪ የነበረው ቦታ 22 ቢገባ አራት ሳምንቱ ወደ 18 ወይም 19 ቀን ይወርዳል፣ ያኔ ትንኟ ሳትሞት ተውሳኩ ይበስላል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ከፍታ 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብለን ብናሰላው፣ በ1960 የነበረው የሙቀት መስመር 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ነው እንግዲህ፤ መሬት ላይ ዝናቡም፣ ነፋሱም፣ የሰዉ አኗኗርም ይገባበታል። ግን በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህንኑ በቢሾፍቱ አካባቢ መረጃ አይቶታል። ከ1993 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ያለውን መዝገብ ሲያገላብጡ፣ ሞቅ ባለው ዓመት ወባው ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቀዝ ሲል ተመልሶ ይወርዳል።

ደጋ ላይ ሲነሳ ለምን እንደሚከፋ ደግሞ እንይ። ቆላ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነደፍ ስለሚኖር ሰውነቱ በመጠኑም ቢሆን ይለምደዋል። የደጋው ሰው ይሄ የለውም። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል፣ ጎረምሳውንም ይጥለዋል። በ1958 እ.ኤ.አ. የሆነው ይሄ ነው። ከወትሮው የተለየ ዝናብና ሙቀት ገጠመና ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ወረርሽኝ ተነሳ፤ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞተ። አንድ ክፉ ዓመት ብቻ።

ጊዜውም አይመችም። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ውሃው ገና አልደረቀም፣ ፀሐይዋ ወጥታለች። የእኛ አገር ዋና ወባ አስተላላፊ ትንኝ የምትወደው ትልቅ ሐይቅ እንዳይመስላችሁ፤ ከብት ረግጦት ባለፈ ጭቃ ላይ፣ በኮቴው ቅርጽ የተጠራቀመች፣ ፀሐይ የሚያገኛት ጭላፊ የምታህል ውሃ ትበቃታለች። ያኔ ነው እንግዲህ ሰብሉም የሚደርሰው። አባወራው ተኝቶ ሲንቀጠቀጥ ጤፉ ማሳ ላይ ይረግፋል፣ ደቦ እንዳይጠራ ጎረቤቱም ተኝቷል።

ደግሞ ማን ወባ ብሎ ይጠረጥራል? ደጋ ላይ ራስ ምታትና ትኩሳት ከመጣ «ምች ነው» ይባላል። ዳማከሴ ታሽቶ ይጨመቃል፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል። በዳማከሴ ላይ ነገር የለኝም፣ ሽታውን ራሱ እወደዋለሁ። ግን ፋልሲፓረም ከሆነ ሁለትና ሦስት ቀን መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ሁሉንም በአየር ንብረት ማሳበብ ግን አያስኬድም። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። እዚያ ውስጥ ጦርነትም አለ፣ የተዘጋ ጤና ኬላም አለ፣ ኬሚካልና መድኃኒት የለመደ ትንኝና ተውሳክም አለ። ለሥራ ቆላ ወርዶ ተውሳኩን በደሙ ይዞ የሚመለሰውም ቀላል አይደለም። ድሮ ግን ይህ ሰው ደጋ ሲገባ በሽታው እሱው ላይ ያበቃ ነበር። ሲሞቅ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ድርቅም ራሱን የቻለ መዘዝ አለው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ አለች፤ እኛ ጋ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ነው። እሷ ጭቃ አትፈልግም። የምትራባው በርሜልና ታንከር ውስጥ ነው። ውሃ ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? ያጠራቅማል። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ የተነሳው በደረቁ ወቅት ነበር።

ደጋ ለምትኖሩ፦ ትኩሳት ከያዛችሁ «እዚህ ወባ የለም» ብላችሁ አትተዉት። ጤና ኬላ ሄዳችሁ ከጣት አንድ ጠብታ ደም ብትሰጡ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የተሰጣችሁን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ጨርሱት። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ፣ አንዲት ትንኝ ሳትነካችሁ፣ ሊነሳባችሁ ይችላል።