ኃይለኛ የሚባሉ ታራንቱላዎች፦ ስማቸውና አያያዛቸው በመሃል አዲስ አበባ

በአዲስ አበባ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ቤት ውስጥ ከሚያዙ ሸረሪቶች መካከልም ይህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ከስማቸው ጋር የሚነሳ አሉ። ታራንቱላ የሚባሉት ትላልቅ ጸጉራም ሸረሪቶች ቴራፎሲዴ በሚባል ቤተሰብ ይመደባሉ፤ ዝርያቸው ከ1,000 በላይ ነው። አብዛኞቹ ሰው ሲቀርባቸው ይሸሻሉ። ጥቂቶቹ ግን የፊት እግራቸውን አንስተው የመርዝ ጥርሳቸውን በማሳየት፣ አልፎም በመንከስ ይታወቃሉ፤ «ተናካሽ» የተባሉትም በዚህ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእነዚህን ስም ያወጣው ግን ፍርሃት ነው። «ታራንቱላ» የሚለው ቃል ራሱ የተወረሰው በደቡብ ኢጣሊያ ታራንቶ ከተማ አካባቢ ከሚኖርና ከዚህ ቤተሰብ ካልሆነ ሌላ ሸረሪት ነው። ታራንቱላ ሰውን አሳድዶ አይነክስም። የሚነክሰው መሸሻ ሲያጣ ነው፤ መሸሻ የሚያሳጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ነው፦ አፈሩን ስስ አድርጎ፣ መደበቂያ ሳይሰጥ፣ ሳጥኑን በሚንቀጠቀጥ ቦታ አስቀምጦ፣ ክዳኑን በየሰዓቱ እየከፈተ። ጥልቅ ጉድጓድ ያገኘች ያቺው «ተናካሽ» ሸረሪት ክዳኑ ሲነካ ወደ ውስጥ ትገባለች እንጂ አትነሳም።

የትኞቹ ናቸው

የአሜሪካ አህጉራት ታራንቱላዎች ብዙዎቹ ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጸጉር አላቸው፤ ሲሰጉ በኋላ እግራቸው እያሻሹ ይበትኑታል። የአፍሪካና የእስያዎቹ ይህ ጸጉር የላቸውም፤ የቀራቸው መሣሪያ ፍጥነት፣ ማስፈራራትና ንክሻ ነው። ስለዚህ በኃይለኝነት ስማቸው የሚነሳው በአብዛኛው ከእነዚህ ወገን ነው። ግንባር ቀደሙ ጎረቤት ኬንያን ጨምሮ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኘው ፕቴሪኖኪለስ ሙሪነስ ነው፤ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ዓይነቱ በብዛት ይያዛል። የኬንያና የታንዛኒያው ፔሊኖቢየስ ሙቲከስ ወፍራም የኋላ እግሮች ያሉት ቆፋሪ ሲሆን፣ ሲሰጋ የአካሉን ክፍሎች እያፋተገ እባብ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ከምያንማርና ከታይላንድ ሲሪዮፓጎፐስ ሊቪደስ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ሄተሮስኮድራ ማኩላታ፣ ከህንድና ከስሪላንካ የፖይሲሎቴሪያ ዝርያዎች ይጠቀሳሉ። ለጀማሪ ከእነዚህ አንዱም አይመከርም። የሜክሲኮው ብራኪፔልማ ሃሞሪይ ቀስ ያለና ስህተትን የሚታገስ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይዞ እጅን ማለማመድ ይሻላል።

ቁጣ የሚመስለው ነገር

ታራንቱላ ስምንት ዓይን ቢኖረውም እይታው ደካማ ነው። ዓለምን የሚያውቀው በእግሩና በጸጉሩ በሚሰማው ንዝረት ነው። ማስጠንቀቂያውም ደረጃ አለው። መጀመሪያ ባለበት ድርቅ ይላል። ቀጥሎ እግሮቹን ወደ ሰውነቱ ሰብስቦ ወደ መደበቂያው ያፈገፍጋል። መግቢያ ካጣ፣ በፊት እግሮቹ መሬቱን ይመታል። ከዚያ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ የፊት ሁለት ጥንድ እግሮቹን ያነሳል፤ መንጋጋዎቹ ይከፈታሉ፤ ጥቋቁር ጥርሶቹና በሥራቸው ያለው ቀይ ጸጉር ይታያል፤ አንዳንዴ ጫፋቸው ላይ የመርዝ ጠብታ ይንጠለጠላል። ንክሻ የሚመጣው ይህ ሁሉ ችላ ሲባል ነው። እግሩን ያነሳን ታራንቱላ ለፎቶ ብሎ መነካካት ጨዋታ አይደለም፤ እንስሳው በዚያ ሰዓት ለሕይወቱ እየሰጋ ነው።

ለምግብ መወርወርም ከቁጣ ጋር ይምታታል። የራበው ታራንቱላ ክዳኑ ሲከፈት የሚሰማውን ንዝረት እንደ ምግብ ቆጥሮ ወረንጦውን ይይዛል። ልዩነቱ ከአቋሙ ይታወቃል፦ አደን ላይ ያለው ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ይሮጣል፤ የሚከላከለው ከፍ ብሎ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ውሃ መሙላትም ሆነ ማጽዳት ከመጀመሩ በፊት ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ቀስ አድርጎ የኋላ እግሩን መንካት ይበቃል፤ የመጣው ምግብ አለመሆኑን ይረዳል። የወረንጦው ጫፍ ጎማ ቢለብስ ጥሩ ነው፤ ብረት የነከሰ ጥርስ ይሰበራል።

በመሃል ከተማ ንዝረት የሌለበት ጥግ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሕንፃ የሚሠራበት ሰፈር፣ የጄኔሬተር ድምፅ፣ ሜክሲኮና ለገሃር አካባቢ ቀላል ባቡሩ የሚያልፍበት መስመር ሁሉ ይሰማዋል። ሳጥኑን ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ ላይ ማስቀመጥ በጣም ይረዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙቀት ፍለጋ ማቀዝቀዣ አናት ላይ ሲያስቀምጠው ነው፤ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሸረሪቷ ትደነግጣለች፣ ባለቤቷም «ዝርያው ኃይለኛ ስለሆነ ነው» ይላል።

ቤቱ

የእግር ስፋቱ 12 ሳንቲሜትር ለሆነ ቆፋሪ ታራንቱላ ወለሉ 30 በ30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን ይበቃል። የዓሣ ገንዳ የሚሠሩ መስታወት ቤቶች በ4 ሚሊሜትር መስታወትና በሲሊኮን ይሠሩታል፤ ከመርካቶ የሚገዛ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥንም ያገለግላል። አፈሩ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይሞላ። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ክፍት ቦታ ከእግር ስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ የታራንቱላ ሆድ ስስ ስለሆነ ከከፍታ ሲወድቅ ሊፈነዳ ይችላል። ለክዳን የብረት ወንፊት አይሆንም፤ የእግሩ ጥፍር ገብቶ ይቀራል። በጋለ ሚስማር የተበሳ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች በኩል፣ ይሻላል። ገና ትንሽ ለሆኑት በመርፌ የተበሳ ይበቃል።

ለአፈሩ ሦስት እጅ የኮኮናት ቃጫና አንድ እጅ ቀይ አፈር ተደባልቆ ጥሩ ይሆናል። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዋሻውም ይደረመሳል። ከችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍግና ማዳበሪያ ስላለበት ይሻግታል። ቀዩን አፈር ብረት ምጣድ ላይ ለግማሽ ሰዓት እያገላበጡ ማመስ ጉንዳንና ምስጥን ያጠፋል። ካቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ይረጫል፤ መጠኑ በእጅ ሲጨበጥ ቅርፁን የሚይዝ፣ ጠብታ ግን የማይወጣው ነው። በየ5 ሳንቲሜትሩ በቡጢ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። በመጨረሻ በመጥረጊያ እጀታ አንዱ ጥግ ላይ ሰያፍ፣ 15 ሳንቲሜትር የሚገባ ቀዳዳ ይበጅለትና በላዩ ገል ወይም ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይደፋበታል። ፕቴሪኖኪለስ ድር ስለሚያበዛ ድሩን የሚያስርባቸው ጥቂት ጭራሮዎችም ይፈልጋል። ለትንንሾቹ የውሃ ዕቃ የሃይላንድ ክዳን ነው።

ብርዱ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ማሞቂያ የሌለው ክፍልም ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ነው። የቆላ ታራንቱላዎች የሚስማማቸው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ብርዱ ቶሎ አይገድላቸውም፤ ግን ምግብ ያቆማሉ፣ ያላለቀ ምግብ ሆዳቸው ውስጥ ይቆያል፣ ቆዳ መቀየሩም ይዘገያል። የቀዘቀዘ ሸረሪት ፍጥነቱን አምኖ መሸሽ ስለማይችል ቶሎ ወደ ማስፈራራት ሊሄድም ይችላል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ ከሳጥኑ ሥር አይነጠፍም። ቆፋሪ ሸረሪት ሲሞቀው ወደ ታች መቆፈር ነው የሚያውቀው፤ ሙቀቱ ከታች ሲመጣ እየሸሸ ወደ እሳቱ ይሄዳል። ምንጣፉ በጎን በኩል፣ የሳጥኑን አንድ ሦስተኛ ብቻ ሸፍኖ፣ 26 ዲግሪ ላይ በተስተካከለ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ይሠራ። ብዙ ሳጥን ያለው ሰው አንድ ትንሽ ቁምሳጥን ቢያሞቅ ይቀለዋል። መብራት ሲጠፋ ለብ ያለ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልሎ ከሳጥኑ ጎን ማስቀመጥና በብርድ ልብስ መሸፈን ለሰዓታት ያቆየዋል። ከሰል ማንደድ ግን በፍጹም አይገባም፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰውንም ይገድላል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ የቀትር ፀሐይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መስታወቱን ምጣድ ያደርገዋል።

በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አፈሩ ላይ ውሃ መጨመር ሻጋታ ያመጣል፤ የውሃውን ዕቃ ብቻ መሙላት ይበቃል። ከሁሉ በላይ በክፍሉ ውስጥ ፍሊት አይነፋ። በረሮ የሚገድለው መድኃኒት ሸረሪትንም ይገድላል፤ በዚህ የተነሳም ከማዕድ ቤት የተያዘ በረሮ ለምግብነት አይሰጥም።

ቤት መቀየር

አብዛኛው ንክሻና ማምለጥ የሚያጋጥመው ሸረሪቱ ከአንድ ሳጥን ወደ ሌላ ሲዛወር ነው። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ገና ሳይሞቅ፣ መሥራት ይመረጣል። የበሩ ሥር በጨርቅ ይደፈን፣ የመታጠቢያ ቤት ከሆነ የፍሳሹ ቀዳዳ ይዘጋ። አዲሱ ቤት ሙሉ በሙሉ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። አሮጌው ሳጥን ትልቅ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ይነሳል። ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያ በሸረሪቱ ላይ ቀስ ተብሎ ይደፋና ጠንካራ ካርቶን ከሥር ይንሸራተታል። ጉድጓዱ ውስጥ ካለ አፈሩ ከዳር በማንኪያ እየተነሳ ይቀርባል እንጂ በእንጨት አይወጋም። እግሩን ካነሳ ሥራው ይቁም፤ ሳጥኑ በጨርቅ ተሸፍኖ 10 ደቂቃ ይጠበቅ። ትንፋሽ በቀጥታ ካገኘው ስለሚደነብር ፊትን ማራቅ ያስፈልጋል። ወረንጦው ከ25 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም፤ ፕቴሪኖኪለስ በወረንጦውም ላይ ሽቅብ ይሮጣል። ከተዛወረ በኋላ ለሁለት ሳምንት አለመንካት ነው።

ምግብና ቆዳ መቀየር

ለአዋቂ በየ7 እስከ 14 ቀኑ ከሆዱ የማይበልጥ አንድ ፌንጣ ወይም ቤት ውስጥ የተራባ በረሮ ይበቃዋል። ለትንንሾቹ የዱቄት ትል ቆርጦ በሳምንት ሁለት ጊዜ መስጠት ይቻላል። ወራት መጾም ያለ ነው፤ ሆዱ እስካልተጨማደደ አያሰጋም። ያልተበላው በ24 ሰዓት ውስጥ ይውጣ።

በጀርባው የተንጋለለ ታራንቱላ ቆዳ እየቀየረ ነው፣ አልሞተም። ሞቷል ተብለው የሚጣሉት ጥቂት አይደሉም፤ የሚያሳዝነውም በሕይወታቸው ደካማ በሆኑበት ሰዓት መሆኑ ነው። የሚያሳስበው እግሮቹን ከሆዱ ሥር አጥፎ የቆመው ነው፦ እግሩ የሚዘረጋው በፈሳሽ ግፊት ስለሆነ ይህ የውሃ ጥም ወይም የሞት ምልክት ነው። አዲሱ ጥርስ መጀመሪያ ነጭ ነው፤ እስኪጠቁር ድረስ፣ ለትልቅ ሸረሪት ከ10 ቀን ያላነሰ፣ ምግብ አይሰጥም። በዚያ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ፌንጣ ሸረሪቱን ሊበላው ይችላል።

ጸጉር፣ ንክሻና ሕክምና

ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣ «ሸረሪት ሸናብኝ» ማለት የቆየ አባባል ነው። ከታራንቱላ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ግን ቆዳ አያቆስልም። የሚያሳክከው የአሜሪካዎቹ ጸጉር ነው፤ ቆዳ ላይ ካረፈ ሳያሹ በፕላስተር እየለጠፉ ማንሳት፣ ከዚያ መታጠብ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይነካኩ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በታራንቱላ ንክሻ ሰው መሞቱ የተረጋገጠበት መዝገብ የለም። ሕመሙ ግን እንደ ዝርያው ይለያያል፦ የፕቴሪኖኪለስ ንክሻ ኃይለኛ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ የፖይሲሎቴሪያ ደግሞ ለቀናት የሚመላለስ የጡንቻ መኮማተር። ቦታውን በሳሙና መታጠብ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ፣ ፓራሲታሞል መውሰድና የቴታነስ ክትባትን ማጣራት ነው። መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ ማሰር፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ መለጠፍ ቁስሉን ያባብሳል። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ብርቱ የጡንቻ መኮማተር ከመጣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907።

ፈቃድና ጎረቤት

የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚገዛ አዋጅ አለ፤ ከዱር ለመያዝም ሆነ ከውጭ ለማስገባት አስቀድሞ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን መጠየቅ ግድ ነው። የብራኪፔልማና ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፖይሲሎቴሪያ ዝርያዎች በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ) ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ስለሚገኙ ድንበር ለማሻገር የዚያም ሰነድ ያስፈልጋል። ማቆየት ያልቻለ ሰው እንጦጦ ወስዶ መልቀቅ የለበትም፤ የቆላው ሸረሪት በብርድ ይሞታል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክዳኑ በቁልፍ ይዘጋ፣ የቤት ሠራተኛዋም ምን እንዳለበት ትንገር። ካመለጠ በሩን ዘግቶ የበሩን ሥር መድፈን ይቀድማል፤ ለጎረቤትም መደበቅ አይገባም። ፍለጋው ማታ መብራት አጥፍቶ በባትሪ፣ ከወለሉ እየተጀመረ ነው፦ ከቁምሳጥን ጀርባ፣ ከመጋረጃ እጥፋት፣ ከጫማ ውስጥ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ መጀመሪያ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ሞቅ ካለው ሞተር አጠገብ።