አውሮፕላን በድንገት ሲያዘቀዝቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2008 ከሲንጋፖር ወደ አውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ይበር የነበረ የኳንታስ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ330 አውሮፕላን፣ በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ደፋ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ደገመው። ከተሳፈሩት 315 ሰዎች 119ኙ ተጎዱ፤ የ12ቱ ጉዳት ከባድ ነበር። አብራሪዎቹ ሊርመንዝ በተባለ ራቅ ያለ ማረፊያ በሰላም ስላሳረፉት የሞተ ሰው አልነበረም። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን ያወጣው ግን ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2011 ነው። ያኔ የተወሩት መላ ምቶች ዛሬም እንዲህ ዓይነት ዜና በተሰማ ቁጥር ይነሳሉ። ይህን በረራ ይዘን አንድ በአንድ እንያቸው።

«በሺዎች የሚቆጠር ጫማ ቁልቁል ተወረወረ»

በዚያ በረራ የመጀመሪያው ማዘቅዘቅ 650 ጫማ፣ ሁለተኛው 400 ጫማ ብቻ ነበር። በሜትር 200 እና 120 ገደማ ማለት ነው። ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ሲበር ሜይ 21 ቀን 2024 ምያንማር ሰማይ ላይ የተናወጠውን የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን በተመለከተም «6,000 ጫማ ወደቀ» የሚለው ወሬ ዓለምን አዳርሷል። በበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ ይታይ የነበረው የ6,000 ጫማ ቁልቁለት፣ አብራሪዎቹ ከ17 ደቂቃ በኋላ ወደ ባንኮክ ለማረፍ ብለው በራሳቸው ፈቃድ የወረዱት ነው። ሰው የተጎዳበት ትክክለኛው መውረድ 178 ጫማ ነበር፤ ሁሉም ነገር አምስት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

ታዲያ ይህን ያህል ጉዳት ከየት መጣ? ሰውን የሚጎዳው የወረደው ርቀት ሳይሆን የፍጥነቱ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ወንበሩ ከተቀመጠው ሰው ቀድሞ ሲወርድ፣ ያልታሰረ ሰው ባለበት ይቀርና ጣሪያው መጥቶ ይመታዋል። በኳንታሱ አውሮፕላን ከወንበሮቹ በላይ ያሉት የጣሪያ ሰሌዳዎች በጭንቅላት ተመትተው ተሰባብረው ነበር። የቀበቶ መብራቱ ጠፍቶ ስለነበር፣ ቢያንስ 60 ተሳፋሪዎች ተቀምጠው እያሉ ቀበቶ አላሰሩም። መብራቱ ሲጠፋ «መነሳት ይቻላል» ማለት እንጂ «ቀበቶ አያስፈልግም» ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት የበረራ አስተናጋጆች በየበረራው ቢነግሩንም የምንሰማ ጥቂቶች ነን።

«የአየር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው»

ሰማይ ላይ አየር የሌለበት ጉድጓድ የለም። ያለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚናወጥ አየር፣ ማለትም ተርቡለንስ ነው። ለብዙ ጉዳት መነሻ እሱ መሆኑ እውነት ነው፤ የሲንጋፖሩም በዚሁ የሚመደብ ነው። የኳንታሱ ግን አልነበረም። መርማሪዎች ሁለቱን የሚለዩት ከበረራ መመዝገቢያው ነው፦ ቀድሞ የተንቀሳቀሰው አየሩ ነው ወይስ የጭራው ክንፍ? በኳንታሱ በረራ የጭራውን ክንፍ ያዘዙት የአውሮፕላኑ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ አውሮፕላኑም የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

«የተሳፋሪ ላፕቶፕ ወይም የባሕር ኃይል ራዲዮ ነው»

ለዚህ ወሬ መነሻ የሆነው ሊርመንዝ አጠገብ፣ ኤክስማውዝ ላይ ለባሕር ሰርጓጅ መርከቦች መልእክት የሚያስተላልፍ ትልቅ ጣቢያ መኖሩ ነው። ቢሮው ሁለቱንም መርምሮ የመሆን ዕድላቸው እጅግ አነስተኛ ነው ብሏል።

«አብራሪው አንድ ነገር ነክቷል»

ይህን ሐሳብ በደፈናው መጣል አይቻልም። ማርች 2024 ከሲድኒ ወደ ኦክላንድ ይበር የነበረ የላታም አየር መንገድ ቦይንግ 787 ሲያዘቀዝቅ፣ ምርመራው ያተኮረው ሳይታሰብ ወደ ፊት በተንቀሳቀሰው የዋና አብራሪው ወንበር ላይ ነው። ቦይንግም አየር መንገዶች የወንበሩን ማንቀሳቀሻ ቁልፍ እንዲፈትሹ አሳስቧል።

በኳንታሱ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። ዋና አብራሪው መቆጣጠሪያውን ወዲያው ወደ ኋላ ሲስብ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ላይ አልታዘዘለትም። አብራሪ የሚያዘው በኮምፒውተሩ በኩል በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ «አደጋ አለ» ብሎ ካመነ ለአፍታም ቢሆን የሰውን ትእዛዝ ወደ ጎን ይተዋል። በዚያ ላይ አብራሪዎቹ ፊት «ፍጥነትህ አንሷል» እና «ፍጥነትህ በዝቷል» የሚሉ ሁለት ተጻራሪ ማስጠንቀቂያዎች እየተፈራረቁ ይጮሁ ነበር። በዚያ ሁኔታ ውስጥ 315 ሰው ይዞ ማረፍ ትልቅ ሙያ ነው።

«ሦስት መሣሪያ እያለው በአንዱ ብልሽት አይሳሳትም»

በእኔ እይታ ከዚህ ምርመራ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

አውሮፕላኑ ፍጥነትን፣ ከፍታንና ሌላ የበረራ መረጃን ለኮምፒውተሮቹ የሚያቀርቡ ሦስት ተመሳሳይ መሣሪያዎች አሉት። ከመረጃዎቹ አንዱ አንግል ኦፍ አታክ ይባላል፤ ክንፉ ከፊቱ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው አንግል ነው። ይህ አንግል ከልክ ካለፈ ክንፉ ተሸካሚነቱን ያጣል፤ ስቶል የሚባለው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ያን ለመከላከል አፍንጫውን ይደፋል።

በዚያ ቀን አንደኛው መሣሪያ መረጃ ማደባለቅ ጀመረ። የከፍታውን ቁጥር በአንግሉ ስም ይልክ ነበር። 2 ዲግሪ ገደማ መሆን የነበረበት አንግል ለቅጽበት ከ50 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ይስተካከላል፤ ደግሞ ይዘላል። ንድፉን የሠሩት መሐንዲሶች እንዲህ ያለ ድንገተኛ ዝላይ ሊመጣ እንደሚችል አስበውበት ነበር፦ አንዱ ቁጥር ከሌሎቹ ከራቀ ኮምፒውተሩ ቀድሞ የነበረውን ጥሩ ቁጥር ይዞ 1.2 ሰከንድ ይቆያል። ችግሩ 1.2 ሰከንዱ ሲያልቅ ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት ሌላ ዝላይ ከመጣ፣ የተሳሳተው ቁጥር ሳይጣራ ያልፋል። መሣሪያው ብዙ ዝላይ ልኮ አብዛኛው ተጣርቶ ቀርቷል፤ ሁለት ጊዜ ግን አልፏል። ሁለቱ ማዘቅዘቆች እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ትክክለኛ ቁጥር የሚልኩ ሌሎች መሣሪያዎች መኖራቸው ብቻውን አላዳነም። ስሌቱ ሲነደፍ ማንም ያላሰበው የጊዜ ክፍተት ነበረበት። ኤርባስ ከዚያ በኋላ ያንን ስሌት ቀይሮታል።

«የጠፈር ጨረር መሆኑ ተረጋግጧል»

በብዙ ቪዲዮና ጽሑፍ እንደ እውነት ይነገራል። ቢሮው ከጠፈር የሚመጣ ቅንጣት የመሣሪያውን ኮምፒውተር መትቶ ሊሆን እንደሚችል መርምሯል፤ ለማረጋገጥም ሆነ ለመካድ ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። መሣሪያው ቤተ ሙከራ ገብቶ ብዙ ቢፈተንም ያ ስሕተት አልተደገመም። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ከ128 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሲሠራ ስሕተቱ የታየው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ የታዩት በዚሁ በራሱ መሣሪያ ላይ ነው። ብላክ ቦክሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጅ ነበር። እሱ የሆነውን ይነግራል፤ ለምን እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይነግርም።

«ከቢሾፍቱው አደጋ ጋር አንድ ነው»

ሁለቱም ከአንግሉ የተሳሳተ ቁጥር ስለሚነሱ ጥያቄው ተገቢ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ 157 ሰዎች አልቀዋል። በዚያ ቦይንግ 737 ማክስ የግራው የአንግል ጠቋሚ የሚሰጠው ስሕተት እንደ ኳንታሱ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሳይሆን ጸንቶ የቆየ ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በአንድ ጠቋሚ ብቻ ተመርቶ አፍንጫውን ደጋግሞ እንዲደፋ ተደርጎ የተሠራ ነበር። የኳንታሱ አብራሪዎች ከሥራቸው 37,000 ጫማ አየር ነበራቸው። የኛዎቹ ከተነሱ ገና ስድስት ደቂቃ ነበር።

ከዚያ አራት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚያው ሥርዓት ሳቢያ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ወድቆ ነበር። ያም ሆኖ ከኛው አደጋ በኋላ በውጭ አገር ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠና የቀሰሩ ጥቂት አልነበሩም። በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ ስለ ኤምካስ የአሜሪካን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ በማታለል ተከሶ፣ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በደረሰበት ስምምነት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ የምርመራ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። የመጀመሪያው የማክስ አደጋ መነሻ በዚህ መንፈስ ታይቶ አውሮፕላኖቹ ወዲያው ቢታገዱ ኖሮ፣ በረራ 302 በዚያ አውሮፕላን አይነሳም ነበር።