የቢራ ብቅል አተላ ምንድን ነው? «25 በመቶ ፕሮቲን» ሲባልስ የምን 25 በመቶ ነው?

የቢራ ብቅል አተላ ማለት ቢራ ሲጠመቅ ከተፈጨው የገብስ ብቅል ጣፋጩ ውሃ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው እርጥብ ቅሪት ነው፤ ለከብት መኖ ይውላል። «የቢራ ብቅል አተላ 25 በመቶ ፕሮቲን አለው» የሚለው አባባል በጅማ ወተት አምራቾች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ቁጥሩ ራሱ ውሸት አይደለም። የተወሰደው ከመኖ ሰንጠረዥ ነው፤ ስህተቱ ውሃው ገና ለሚንጠባጠብ ጆንያ መለጠፉ ነው። ሰሞኑን አንድ መካሪ ነኝ ባይ «ከአንድ ኩንታል 25 ኪሎ ፕሮቲን ታገኛላችሁ» ሲል ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰው በዚህ ሂሳብ ተማምኖ ገንዘቡን ያወጣል።

ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለ ደረቅ ክብደት ነው። ከፋብሪካ ትኩሱን የሚወጣ አተላ ግን ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ከ100 ኪሎው ደረቁ 22 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ የዚያ ሩብ ደግሞ አምስት ኪሎ ተኩል ነው። አምስት ተኩል እንጂ 25 አይደለም! አንድ ኩንታል ጥሩ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) የሚይዘውን ፕሮቲን ለማግኘት ወደ አምስት ኩንታል እርጥብ አተላ ያስፈልጋል።

የቡና አገር ሰው ይህ ሊጠፋው አይገባም። እሸት ቡናን በንጹህ ቡና ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ጅማ ውስጥ የለም፤ አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት እንደሚፈጅ ሁሉም ያውቃል። እሸቱ በጆንያ ታጭቆ ካደረ ይሞቃል፣ ይበላሻል፤ አተላውም እንዲሁ ነው። እሸት ቡና ሩቅ ቦታ ተጭኖ ሲሄድ የሚከፈለው በአብዛኛው ለውሃ ነው፤ የቢራ ፋብሪካ ካለባት ከበደሌ በአጋሮ በኩል ወደ ጅማ አተላ የሚያስጭን ሰውም ከአራት ብር ሦስቱን ለውሃ ማጓጓዣ ይከፍላል። አንድ ልዩነት ግን አለ። ቡና ሲፈለፈል ገለፈቱ ይወገዳል፤ የገብሱ ገለባ ግን ከመኖው ጋር ይቀራል። በአሰር የበዛውም ለዚህ ነው፤ የሚያመሰኩ እንስሳት በደንብ ሲጠቀሙበት ዶሮ ብዙም አይጠቀምበትም።

«ላም ያሰክራል» የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። የቢራው አተላ የሚጣራው እርሾ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ትኩሱ አልኮል የለውም። የጠላና የአረቄ አተላ ግን ከፈላ በኋላ የሚቀር ስለሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው አተላውን ለማጣጣል አይደለም። ከፕሮቲኑ ግማሽ ያህሉ በጨጓራ ውስጥ ሳይፈርስ ወደ አንጀት ስለሚያልፍ ብዙ ወተት ለምትሰጥ ድቅል ላም እጅግ ጠቃሚ ነው። ሁለት ሊትር ለምታልብ ላም ግን ይህ ጥቅም ያን ያህል አይታይም፤ ለእርሷ መጀመሪያ ጥሩ ድርቆሽ ይቀርብላት። ለትልቅ ድቅል ላምም ቢሆን ከቀን ቀለቧ ደረቅ ክብደት ሩቡን ባያልፍ ይመረጣል፤ ይህም እርጥቡ 13 ኪሎ ገደማ ነው። ካልሲየሙ አነስተኛ በመሆኑ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መጨመር ያስፈልጋል። ይህንን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንደ ጅማ ባለ ሞቃትና እርጥብ አየር ትኩሱ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ማቆየት የፈለገ ፍሩሽካ ቀላቅሎ፣ በበርሜል ወይም በፕላስቲክ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ እስኪወጣ ጠቅጥቆ ገፈራ (አየር ሳይገባው ተብላልቶ የሚቆይ መኖ) ያድርገው፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ሳይከፍት ይተወው። ሻጋታ ከታየበት ላዩን ገፎ የቀረውን መመገብ አይበቃም። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በላሟ በኩል ወደ ወተቱ ይገባል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም።