ስለ ገብስና ሻጋታ የሚነገሩ ስህተቶች፣ እውነታውም

ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ደጋ እስከ አርሲና ባሌ ገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ገንፎ፣ ጠላ ሆኖ በየቀኑ ይበላል፣ ይጠጣል። ስለ ገብሱ የሚነገር ስህተትም አብሮ በየቀኑ ገበታ ላይ ይቀርባል።

«አፍላቶክሲን የለውዝና የበርበሬ ጣጣ ነው»

አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ የገብስ፣ የማሽላ፣ የጤፍና የስንዴ ናሙናዎችን መርምሮ በአራቱም ውስጥ አፍላቶክሲን ቢ1 እና ኦክራቶክሲን ኤ የተባለ ሌላ የሻጋታ መርዝ አግኝቷል። ኦክራቶክሲን የሚጎዳው በተለይ ኩላሊትን ነው፤ ለዚህ መርዝ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለገብስ የፈቀደው በኪሎ ግራም ከ5 ማይክሮግራም አይበልጥም። ሦስተኛው፣ ዶን የሚባለው መርዝ፣ ገና ማሳ ላይ ይጀምራል፤ ገብሱ ሲያሸትና ሲያፈራ ዝናብ ከበዛ ፉሳሪየም የተባለው ሻጋታ ዛላውን ይይዘዋል።

«ዓይን ካላየው ሻጋታ የለም»

ሻጋታው ሞቶ ወይም በማበጠር ረግፎ መርዙ ፍሬው ውስጥ ሊቀር ይችላል። መርዙ በከረጢቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ላይኛው ንጹህ ሆኖ ታችኛው ሊበከል ይችላል። ስለዚህ ሲገዙ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ዘግነው ያሽትቱ። ጥቁር ገብስ ግን የሻገተ አይደለም፤ ቀለሙ የዘሩ ነው፣ በሁሉም ፍሬ ላይ እኩል ይታያል። ሻጋታ ግን አረንጓዴ፣ ግራጫ ወይም ሮዝማ ሆኖ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ይላል፣ ፍሬዎቹንም ያጣብቃል።

«ከተቆላ፣ ከተጋገረ፣ ከተጠመቀ ይጠፋል»

እሳት ሻጋታውን ይገድላል፤ አስቀድሞ የወጣውን መርዝ ግን አብዛኛውን ይተወዋል። አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ከ240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሆን ውሃ የሚፈላው በ100 ነው፤ ደጋ ላይ ከዚያም ባነሰ። መቁላት የተወሰነውን ቢቀንስም፣ የፍሬው ውስጥ በቂ እስኪግል ድረስ ቆሎው ይከስላል።

ጠላ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ብቅል ርጥብና ሞቃት ሆኖ ለቀናት ስለሚቆይ ለሻጋታ ይመቻል፤ ዶን በውሃ ስለሚሟሟም ወደ መጠጡ ይወርዳል። ጌሾውም መብላላቱም አያስወግዱትም። ጤነኛ ብቅል ነጭና ለስላሳ ሥር ያወጣል። በፍሬዎቹ መካከል ጥጥ የመሰለ ፀጉር ካበቀለ ወይም የሻገተ ሽታ ካለው አይጠመቅበት።

«አንድ ቀን ፀሐይ ከዋለ ደርቋል»

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ኩሽና ውስጥ ምንም ቢደረግ ጎተራ የገባውን ርጥበት አይመልሰውም። ለማከማቸት የገብሱ ርጥበት 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። መለኪያ ከሌለ በጨው ይሞክሩ፦ ምጣድ ላይ አድርቀው ያቀዘቀዙትን 2 ወይም 3 ማንኪያ ደቃቅ ጨው ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ገብስ ጋር ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱ፣ ከድነው አንድ ደቂቃ ይናጡ፣ 15 ደቂቃ ያስቀምጡ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ባይጣበቅም 13 ደርሷል ማለት አይደለምና አንድ ሁለት ቀን ይጨምሩበት።

ሲያሰጡ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይሁን፤ ቶሎ ቶሎ ይገለባብጡት፣ ጤዛ ሳይወርድም ይሸፍኑት። ትኩሱን ከረጢት ውስጥ አይጨምሩ፤ ሲቀዘቅዝ ያልበዋል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነቀዝን ያፍናል እንጂ እህል አያደርቅም። ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ግድግዳውንና አፉን የነካው ገብስ ለብቻው ይውጣ። «ጥቂት ስለሆነ» ተብሎ ከደህናው ጋር መደባለቅ ደህናውንም ማበላሸት ነው።

«ረጃጅሞቹ ጥቁር ፍሬዎች ያልበሰሉ ናቸው»

ከገብስ ፍሬ የረዘመ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ ጥቁር ቀንድ ካዩ ኤርጎት የተባለ ፈንገስ ነው። ደም ሥርን ያጠብባል፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፣ ኋላም ጣትና እግር ጠቁሮ ይደርቃል። የምታጠባ እናትንም ወተት ሊያደርቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወሎ ዋድላ ደላንታ፣ በ2001 ደግሞ አርሲ ውስጥ ሰዎችን የጎዳው ይኸው ነው። በወሎው ኤርጎት የያዘው ከገብሱ ጋር የበቀለው ስናር ነበር፤ ስለዚህ ስናርን ከማሳ ማረም ከመልቀምም ይቀድማል። ለዘር የሚሆነውን በ5 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ጨው አሟሙተው ይንከሩት፣ የተንሳፈፈውን ጠልፈው ይጣሉ፣ ገብሱን ወዲያው በንጹህ ውሃ አጥበው ያድርቁ።

«ምርጥ ዘር ሁሉ ከአገሬው ዘር የበለጠ ይመግባል»

የቢራ ገብስ ሆን ተብሎ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ የሚፈለግ ነው። የምግብ ገብስ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም፤ እንደ ሰነፍ ቆሎ ያሉ የአገር ዝርያዎች ደግሞ ገለባቸው በቀላሉ ይለቃል። ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው ቤታ ግሉካን የተባለው አሰር (ፋይበር) በፍሬው ሁሉ ስለተሰራጨ በመፈተግ አይጠፋም፤ በቀን የሚመከረው 3 ግራም ከ60 እስከ 75 ግራም ገብስ ውስጥ በአብዛኛው ይገኛል። ከገለባው ጋር የሚሄደው ብረትና ዚንክ ነው፤ አብዛኛው መርዝም ውጪኛው ሽፋን ላይ ስለሚከማች መፈተግ ማዕድኑንም መርዙንም ይቀንሳል።

«ገብስ ግሉተን የለውም»

አለው። ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን የተባለው የእህል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ ያለበት ሰው በሶም ቆሎም ይተው።

«የሻገተው ለላም ይሁን»

ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን ከፊሉ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። የሻገተ ገብስ ከብትና ዶሮ በማይደርሱበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።