«አለመጣጣም» ሲባል ማን ከማን?

ወልባኪያ በነፍሳት ሴል ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ኸርቲግ እና ወልባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ትንኝ ውስጥ አገኙት። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእንቁላል ነው። የወንድ ዘር ፍሬ አይሸከመውም። ስለዚህ ወንድ ውስጥ የተገኘ ወልባኪያ ዕድሉ እዚያው ያበቃል።

ግራ የሚያጋባው «ሳይቶፕላዝማዊ አለመጣጣም» የሚለው ቃል ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። ባክቴሪያው ያለበት ወንድ ከሌለባት ሴት ጋር ሲገናኝ ጽንሱ ይሞታል። ባክቴሪያው የዘር ፍሬውን አስቀድሞ «መርዞ» ይልከዋል እንበል። ማርከሻው ያለው ያው ባክቴሪያ ባለበት እንቁላል ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ገልብጦ ይይዘዋል። መካን የምትሆነው ባክቴሪያው ያለባት ሴት ትመስለዋለች። የለም! እሷማ ባክቴሪያው ካለበትም ከሌለበትም ወንድ ትወልዳለች። የምትጎዳው ነጻዋ ናት። በዚህ ተንኮል ተሸካሚ ሴቶች በየትውልዱ እየበዙ ይሄዳሉ።

ሌላም ዘዴ አለው። በአንዳንድ ነፍሳት ወንድ ጽንሶችን ይገድላል። አንዳንድ ጥቃቅን ተርቦች ያለ ወንድ ሴት ልጅ እንዲወልዱ ያደርጋል። ሲነኩት እንደ ኳስ የሚጠቀለል፣ ከሸርጣን ወገን የሆነ ፍጥረትም አለ፤ በእሱ ላይ ደግሞ በዘረመል ወንድ የሆነውን ሴት አድርጎ ያሳድገዋል።

ሰዎችም ተንኮሉን ተምረውበታል። ወልባኪያ ያለባቸውን ወንድ ትንኞች ብቻ ሲለቁ፣ ባክቴሪያው የሌለባቸው የዱር ሴት ትንኞች እንቁላል ሳይፈለፈል ይቀራል።