ኤስአርቪ ሪከርድ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቢሮ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? የሕንፃውን ስም ይነግሯችኋል፣ ባጃጅ ይዛችሁ በሩ ላይ ትወርዳላችሁ። ከዚያስ? ሕንፃው አምስት ፎቅ ነው፣ በየፎቁም የበር መዓት አለ። እዚህ ላይ የሚደርስላችሁ ጥበቃው ነው። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 12 ነው። እዚያ ሰው ካጣችሁ 14ን አንኳኩ» ይላችኋል።

ኤስአርቪ ሪከርድ የዚያን ጥበቃ ሥራ ይሠራል። በዲኤንኤስ (የኢንተርኔት የስም ማውጫ) ውስጥ የተለመደው ኤ ሪከርድ የዶሜይን ስምን ወደ አይፒ ቁጥር ይቀይራል፤ ማለትም ባጃጁ ነው። ሰርቨሩ ጋ ያደርሳል፣ የትኛውን በር እንደምናንኳኳ ግን አይናገርም። በሩ ፖርት ይባላል። ድረ ገጽ ስንከፍት ይህ አያስቸግረንም፤ ብራውዘሩ 443ን እንደሚያንኳኳ አስቀድሞ ያውቃል። የኢንተርኔት ስልክ፣ ቻት ወይም የማይንክራፍት ሰርቨር ሲሆን ግን ፖርቱን የሚነግር ያስፈልጋል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው አርኤፍሲ 2782 በተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ተደንግጓል።

አንድ ቢሮ እንውሰድ። አቶቴ አካባቢ ነው፣ ስልኮቹ በኢንተርኔት ይሠራሉ። ዋናው የስልክ ሰርቨር እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው፣ መጠባበቂያው አዲስ አበባ። ሲፓነል (የዶሜይን ማስተዳደሪያ ገጽ) ውስጥ ዞን ኤዲተርን ከፍታችሁ ለእያንዳንዱ ሰርቨር አዲስ ሪከርድ ጨምሩ፣ ዓይነቱን ኤስአርቪ በሉት።

ስሙ ላይ አንደርስኮር፣ ሲፕ፣ ነጥብ፣ እንደገና አንደርስኮር፣ ዩዲፒ፣ ነጥብ፣ ከዚያ ዶሜይኑ ይገባል። ሲፕ የኢንተርኔት ስልኮች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው፣ ዩዲፒ ደግሞ መልእክቱ የሚጓዝበት መንገድ። አንደርስኮሮቹን አትዝለሉ፤ ከተራ የሰርቨር ስም የሚለዩት እነሱ ናቸው። ፖርቱ 5060 ነው። ታርጌት በሚለው ቦታ የሰርቨሩን ስም ጻፉ። አይፒ ቁጥር እዚያ አይገባም፤ ስሙም የራሱ ኤ ሪከርድ ይኑረው እንጂ ሲኔም (ወደ ሌላ ስም የሚጠቁም ሪከርድ) አይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፕራዮሪቲ (የቅደም ተከተል ቁጥር) ላይ ነው። ትንሹ ቁጥር ይቀድማል! ለሐዋሳው 10፣ ለአዲስ አበባው 20 ስጡ። ሐዋሳ መብራት ሲሄድና ዋናው ሲጠፋ ስልኮቹ ወደ 20ው ይዞራሉ። ዌይት የሚባለው ደግሞ ፕራዮሪቲያቸው እኩል ለሆኑ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለት እኩል ሰርቨሮች ኖረው ለአንዱ 60፣ ለሌላው 40 ብትሰጡ፣ ከመቶው ጥሪ ስልሳ ያህሉ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። በእኛ ቢሮ ግን ዌይቱ 0 ቢሆን በቂ ነው።

ሁሉንም በትክክል ሞልታችሁ ምንም ላይለወጥ ይችላል። መጀመሪያ ኔምሰርቨሩን፣ ማለትም የዶሜይኑን ሪከርዶች ለጠያቂ የሚመልሰውን ሰርቨር፣ እዩ። ዶሜይኑ የሌላ ድርጅት ኔምሰርቨር ላይ ከሆነ፣ በዚህ ፓነል የጻፋችሁትን ማንም አያነበውም። ሰው ግማሽ ቀኑን በዚህ ሲያቃጥል አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል። ሌላው ቲቲኤል ነው፣ ማለትም የድሮው መልስ ጠያቂዎች ዘንድ ተቀምጦ የሚቆይበት ጊዜ፤ 14400 ማለት 14400 ሰከንድ፣ አራት ሰዓት ነው። ነባር ሪከርድ የምትቀይሩ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ወደ 300 አውርዱት።

ስልኩ ራሱም ይታይ። የሰርቨር አድራሻው አጠገብ ፖርቱን በእጃችሁ ከሞላችሁት፣ ስልኩ ኤስአርቪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ይሄዳል። ያን ቦታ ባዶ ተዉት፣ ወይም ስልኩ የኤስአርቪ ምርጫ ካለው አብሩት።

በመጨረሻ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በኤንኤስ ሉክአፕ (ዲኤንኤስን በሚጠይቅ ትእዛዝ) ዓይነቱን ኤስአርቪ ብላችሁ ሙሉ ስሙን ጠይቁ። ፕራዮሪቲው፣ ዌይቱ፣ ፖርቱና የሰርቨሩ ስም ይመጣላችኋል። እኔ በዚህ ብቻ ሥራውን አላስረክብም። ዋናውን ሰርቨር አጠፋና ስልኩ በመጠባበቂያው ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቼ ነው ከቢሮው የምወጣው።