«ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሳንባ ምች የያዘውን ልጅ ራጅ አይቶ ሐኪሙ «ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» ሲል፣ ውሃው ያለው ሳንባው ውስጥ ሳይሆን ዙሪያውን ነው። ሳንባን ከውጭ፣ የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሚያለብሱ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ። በመካከላቸው በጤና ጊዜ የሚገኘው ማለስለሻ የሚሆን ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ነው። ሳንባው ሲቆጣ የሽፋኑ ደም ስሮች እያዠቱ ክፍተቱን ይሞሉታል፤ ይህ ፕሉራል ኢፊውዥን ይባላል። ልጁ ውሃ ስለጠጣ የመጣ አይደለምና መጠጥ አትከልክሉት።

ፈሳሹ ሲጀምር ቀጭን ነው፤ ትንሽ ከሆነ በአንቲባዮቲክ ብቻ ተመጥጦ ይጠፋል። ባክቴሪያ ከገባበት ግን ደፍርሶ መግል ይሆናል፣ ኢምፓየማ የሚባለው። ቀጥሎ መግሉ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ያደራና ክፍተቱን ጓዳ ጓዳ ያደርገዋል። ያኔ አንዱን በመርፌ ቢቀዱት ሌላው እንዳለ ይቀራል። ሲቆይ ደግሞ ሽፋኑ እንደ ልጣጭ ወፍሮ ሳንባውን ጠፍሮ ይይዘዋል።

መጠርጠር ያለበት አንቲባዮቲክ ከተጀመረ 48 ሰዓት አልፎም ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ነው። ልጁ በታመመው ጎኑ መተኛት ይወዳል። በዚያ በኩል ደረቱን በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ማዳመጫ ሲደረግ የአየሩ ድምፅ ይደክማል። ራጅ ፈሳሽ መኖሩን ይጠቁማል፤ ድሩን የሚያሳየው ግን አልትራሳውንድ ነው።

መግል ከሆነ ቱቦ ይገባል። ቱቦው በብብት በኩል፣ ከጎድን አጥንት በላይኛው ጠርዝ ተጠግቶ ያልፋል፤ ደም ስርና ነርቭ የሚሄዱት በእያንዳንዱ ጎድን ሥር ነውና። ሌላው ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። ጠርሙሱ ከደረት በላይ ከፍ ካለ ፈሳሹ ይመለሳል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 100 ሚሊ ሊትር ከወጣለት በኋላ ቱቦው ለአንድ ሰዓት ይቆለፋል፤ የተጨመቀ ሳንባ ባንዴ ከተነፋ ራሱ ውሃ ይሞላልና። አረፋ የሚያወጣ ቱቦ ግን ፈጽሞ አይቆለፍም። አንቲባዮቲኩ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያም የሚመታ፣ ለምሳሌ ክሎክሳሲሊንና ጄንታማይሲን ይሆናል፤ ልጁ ሲያገግም በሚዋጥ ክሎክሳሲሊን በድምሩ 3 ሳምንት ይሞላል። ለውጥ ከሌለ ቲቢ ይመረመራል።

ልብ ዙሪያ ሲቋጥር ነገሩ ይለያል። የልብ ከረጢት ቶሎ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ፍጥነቱ ይገድላል። በቲቢ ቀስ ብሎ የመጣ ብዙ ፈሳሽ ልጁን ሳይጥለው ይቆያል፤ በፍጥነት የመጣ ትንሽ መግል ግን ልብን ያንቃል። ልብ ምቱ ይፈጥናል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ጉበት ይተልቃል፣ የልብ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል። የሕፃን አንገት አጭር ስለሆነ የተገተረ ደም ስር ፍለጋ ብዙ አያዋጣም። ራጅ ላይ ልቡ እንደ ቅል ሆዱ ሰፍቶ ይታያል።

ጉበቱ ስለተለቀ ብቻ «የልብ ድካም ነው» ተብሎ ሽንት የሚያበዛው ላዚክስ ከተሰጠ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንስና የደም ግፊቱ ይወርዳል። የሚያድነው በአልትራሳውንድ እየታየ ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር በሚገባ መርፌ ፈሳሹን መቅዳት ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር እንደወጣ የደም ግፊቱ እዚያው አልጋው ላይ ከፍ ሊል ይችላል።